«ደህና ነን» የተባባሉ ባልና ሚስት ከግዳጅ መልስ ምን ያውሩ?

ባል ሰላም አስከባሪ ሆኖ ከዘመተበት ከአብዬ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ከሚወዛገቡበት ግዛት፣ ይደወል የነበረ ስልክ አጭር ነበር። መስመሩ ይመጣል ይሄዳል፣ ከኋላ ጄኔሬተር ይጮኻል፣ ተራውን የሚጠብቅ ጓድ አጠገብ ቆሟል።

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እኛም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ትንሹ ልጅ በዚያው ሳምንት በሳንባ ምች ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቷል፤ አልነገረችውም። ከትናንት በስቲያ ኮንቮዩ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሌሊቱን ተኩስ እየሰሙ አድረዋል፤ እሱም አልነገራትም። በክፋት የዋሸ የለም። እሷ «እዚያ ሆኖ ምን ሊያደርግ ነው?» ብላ ነው፤ እሱም «እሷን ከማስጨነቅ በቀር ምን ይፈይዳል?» ብሎ። በስልክ ላይ ይህ ደግ አሳብ ነው። ክፋቱ 12 ወር ሲደጋገም ልማድ መሆኑ ነው። ሰውየው ሻንጣውን አውርዶ፣ ጫማውን ፈትቶ፣ የገዛ ቤቱ ሶፋ ላይ ከተቀመጠ በኋላም ሁለቱ በዚያው የስልክ ቋንቋ ያወራሉ።

የኢትዮጵያ ወታደር ባሕር ማዶ ሲዘምት የመጀመሪያው አይደለም። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሄዷል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮንጎ፣ ኋላም ሩዋንዳ፣ ብሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር ተከታትለዋል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአብዬን ኃይል ሲያቋቁም ለዓመታት የኃይሉ አካል ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያዊ ነበር። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ አገራችን ከ8,000 በላይ ሰላም አስከባሪ በማሰማራት ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች፤ በሶማሊያ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር ያሉት ሳይቆጠሩ። ከእያንዳንዱ ተሰማሪ ጀርባ ቤት አለ ብለን ብናስብ፣ «ከግዳጅ መልስ» የሚለው ጉዳይ የጥቂት ሰዎች የግል ገመና አይደለም።

አቀባበሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። የማርሽ ባንድ፣ ንግግር፣ ሜዳሊያ፣ ፈቃድ። ከዚያ አውቶቡስ። በሦስተኛው ወር ግን የሚደውል የለም። ሰው የሚጣላው ደግሞ ያኔ ነው።

ይህን የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ የእኛ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከኢራቅ የተመለሱ 88,235 የአሜሪካ ወታደሮችን ሁለት ጊዜ የሰጡትን መልስ አነጻጽሯል፦ እንደገቡ የሞሉትን ቅጽና በአማካይ ስድስት ወር ያህል ቆይተው የሞሉትን። ከቅርብ ሰው ጋር አለመግባባት ያሳስበናል ያሉት መደበኛ ወታደሮች በመጀመሪያው 3.5 በመቶ ነበሩ፤ በሁለተኛው 14 በመቶ ሆኑ። ተጠባባቂዎቹ ከ4.2 ወደ 21.1 በመቶ ደርሰዋል። ያው ሰው፣ ያው ቤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ደህና ነኝ» ያለው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ገና አልጀመረውም። ስለዚህ የባልና ሚስቱም የመከላከያም ሥራ ዶሮው ተበልቶ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነው የሚጀምረው።

አንድ ነገር ግን ሦስተኛ ወር አይጠብቅም። መርዶ ነው።

ወታደሩ በሌለበት እናቱ ሞተው ይሆናል። ወይም ወንድሙ፣ ወይም ክርስትና አባቱ። ቤተሰብ ተመካክሮ ደብቆታል፤ እሱም በስልክ «እማማስ?» ሲል «ደህና ናቸው፣ ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዟቸው ነው» ተብሏል። አርባው ወጥቷል፣ ሐውልቱ ቆሟል። አሁን አውሮፕላኑ አርፏል። ደባቂዎቹ ብዙ ስለሆኑ አፍ የሚያመልጠው አንድ ሰው አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠው በስድብ ሳይሆን በጨዋ ሰላምታ ነው፤ ያላወቁ ጎረቤት ገና በሩ ላይ እቅፍ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» ይላሉ። ሰውየው እናቱን ያጣው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ቅጽበት ሌላም ነገር ያጣል፦ ሚስቱ በ12 ወር ከነገረችው ውስጥ የትኛው እውነት እንደነበር አያውቅም።

ስለዚህ መርዶው በፕላን ይነገር። በአየር ማረፊያው መንገድ አይደለም፤ መኪና ውስጥ የሚይዘውም የሚቀመጥበትም የለም። «ትንሽ ይረፍ» ብሎ አሥር ቀን ማቆየትም አይሆንም፤ ምሥጢሩ አሥር ቀን አይቆይም። የሚሻለው ከመጀመሪያዋ ሌሊት በኋላ ያለው ማለዳ ነው፤ እንቅልፍ ቀምሷል፣ እንግዳ ገና አልመጣም። የሚናገረው እንደ ወጉ የሚያከብረው ታላቅ ሰው ይሁን። ሚስት ብቻዋን አርጂ አትሁን፤ ግን አጠገቡ ትቀመጥ። ለቅሶው በረድ ሲል የደበቀችበትን ምክንያት ራሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትናገር፦ «ሩቅ አገር፣ መሣሪያ ይዘህ፣ ብቻህን እንዳታለቅስ ብለን ነው፤ እኔም እየዋሸሁህ አልተኛሁም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሽማግሌው ሊናገርላት አይችልም። የመቃብሩ ጉብኝት በዚያው ሳምንት ይደረግ። አርባ ስላመለጠው የሙት ዓመቱን ድግስ እሱ እንዲመራው መተው ብዙ ቂም ያበርዳል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመሄዱ በፊት መስማማት ነው። «ክፉ ነገር ቢመጣ ንገሪኝ ወይስ አትንገሪኝ?» ተብሎ ይጠየቅ። «ንገሪኝ» ካለ በማን በኩል እንደሚደርሰው ይወሰን። በግል ስልክ፣ ዘብ ሊወጣ ሲል፣ መሆን የለበትም፤ በአዛዡ በኩል ሆኖ ጓዶቹ ከበውት ይስማ። ጥያቄው ሟርት ይመስላል። ሟርት አይደለም።

ወደ ቀሪው ቤት እንግባ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የባልና ሚስት አይደሉም፤ የዘመድ ናቸው። ጠዋት አንዱ ይመጣል፣ ማታ ሌላው ይጠራል። ቡናው ሦስቴ ይፈላል፣ ግን ቡና የጎረቤት ነው፤ አቦሉ ላይ የሚጀመር የትዳር ወሬ በረካ ሳይደርስ ሰፈር ይገባበታል። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ከባድ ነገር አይነሳ፤ ገንዘብ፣ «ለምን አልነገርሽኝም»፣ ቀጣይ ግዳጅ፣ ሁሉም ይቆይ። አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሁለት ሰው ጊዜ። ከቤት ወጥቶ በእግር መሄድ ይመረጣል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ለዓይን መተያየት ምርመራ ይመስላል፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ዝምታም አይከብድም፣ ያልተጠየቀ ነገርም ራሱ ይወጣል።

ምን ይጠየቅ? «ምን አየህ?» የሚል ጥያቄ መልሱ «ምንም» ነው። በጣም ትልቅ ስለሆነ የሚያዝበት ጫፍ የለውም። ትንንሹን መጠየቅ ይሻላል፦ ማታ ምን ትበሉ ነበር? ድንኳን ውስጥ ከማን ጎን ነበር የምትተኛው? ክረምቱ ሲገባ መንገዱ እንዴት ይሆን ነበር? አብዬ ላይ የነበረ ሰው ስለ መንገድ ከተጠየቀ አያቆምም። ጥቁሩ መረሬ አፈር በዝናቡ ወራት ተሽከርካሪ ስለሚውጥ ካምፕ ከካምፕ ይቆራረጣል። በበጋ ደግሞ ሚሴሪያ የሚባሉት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ሲወርዱ ከአካባቢው ነዋሪዎች ከንጎክ ዲንካ ጋር እንዳይጋጩ መካከል ላይ መቆም ነበር። ይህን ታክል የምታውቅ ሚስት የምትጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እሱም ሰሚ እንዳገኘ ያውቃል። «ሰው ገደልክ ወይ?» ግን የማንም ጥያቄ አይደለም። ልጆችና ወንድማማቾች እንዳይጠይቁት አስቀድሞ መንገር የእሷ ሥራ ነው። ከሞቱ ጓዶቹ ጋር የተያያዘውን ለእሷ ሳይሆን አብሮት ለነበረ ሰው ቢያወራ አትቀየም፤ መደበቅ ላይሆን ይችላል፣ ማብራሪያ የማይጠይቅ ሰው ፈልጎ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጥያቄ ግን የእሱ ነው። «አንቺስ ዓመቱን እንዴት ተወጣሽው?» ለእሱ ሜዳሊያ ተሰጥቶታል፤ ለእሷ ያ የሳንባ ምች ሦስት ሌሊት አለ። ሳትነግረው የቀረችውን ሁሉ በአንድ ምሽት መዘርገፍ ደግሞ ክስ ይመስላል። በቀን አንድ፣ ከቀላሉ ጀምሮ ይሁን። የሚሰማውም «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» ብሎ ከጀመረ ሁለተኛው አይመጣም።

ከዚያ ካቻቢቴው አለ። ሲሄድ ከመሳቢያው ግራ በኩል ነበር፤ አሁን የለም። ይህ ቀልድ አይደለም። ሰውየው የገዛ ቤቱ ውስጥ እንግዳ መሆኑን የሚያውቀው በትልቅ ነገር ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፦ ጨው የት እንዳለ ይጠይቃል፣ የመብራት ካርድ መቼ እንደሚሞላ አያውቅም፣ የልጁ አስተማሪ የምትደውለው ለእሷ ነው። ሁለት ዓይነት ስህተት ይከተላል። አንዱ ሁሉንም በአንድ ቀን ወደ ድሮው መመለስ ነው፦ ዕቃ ያዛውራል፣ ሕግ ያወጣል፣ ቤቱን እንደ ጋንታ ያሰልፋል። ሌላው ደግሞ የእሷ ነው፦ «ተመስገን፣ መጣልኝ» ብላ በማግስቱ ሁሉንም ትጥልበታለች። መፍትሔው ያው ሁለቱ የሚያውቁት ነው፤ ዘብ ሲቀያየር ርክክብ አለ። ወረቀት ይወጣ፣ ዓመቱን እሷ የያዘችው ሁሉ ይጻፍ፤ ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕድር፣ ዕቁብ፣ ውሃና መብራት፣ የእናቷ መድኃኒት። ከዝርዝሩ በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ወደ እሱ ይዙር። እሷ ልትተወው የማትፈልገውም ይኖራል። የዓመቱ ለውጥ እውነተኛ ነውና ያንን መተው አለበት።

ስለ ልጆች ሁለት ነገር ብቻ። አባት በሌለበት ልጁ የእናቱ አልጋ ላይ መተኛት ለምዶ ከሆነ፣ ወደ ራሱ አልጋ የሚመለሰው አባት ከመምጣቱ ወር ቀደም ብሎ ነው። አለበለዚያ አባት ማለት ከአልጋ ያባረረኝ ሰውዬ ይሆናል። የሁለት ዓመት ልጅ ሲሸሽ ደግሞ እያባረሩ መሳም የለም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በሌላ ነገር መጫወት፣ ራሱ እስኪመጣ። ቅጣትና ተግሣጽ ቢያንስ ለአንድ ወር በእናት እጅ ይቆይ። አባት አንድ ቋሚ ሥራ ይያዝ፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ ለምሳሌ።

ገንዘቡ ላይ እንቆይ፤ አብዛኛው ጠብ እዚያ ነውና። ጠቡም የሚጀምረው ከሒሳብ ስህተት ነው፣ ያውም የባልና ሚስቱ ሳይሆን የዘመድ ሒሳብ። ሰው «የተባበሩት መንግሥታት ለአንድ ወታደር በወር 1,428 ዶላር ይከፍላል» ሲባል ይሰማል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከሰኔ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነበረው ተመን ነው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ትንሽ ጨምሯል። ዘመድ በ12 ያባዛዋል፦ 17,136 ዶላር። ከዚያ ቤት ይሠራበታል፣ ለልጁ ሠርግ ይመድበዋል። ያላወቀው ነገር ቢኖር ይህ ገንዘብ ወታደር ላዋጣው መንግሥት የሚከፈል ማካካሻ መሆኑን ነው። ወታደሩ የሚደርሰው የገዛ አገሩ በወሰነለት አበል ልክ ነው። ድርጅቱ በቀጥታ ለወታደሩ ሲሰጥ የኖረው የኪስ ገንዘብ በቀን 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ነው፤ በዓመት 467 ዶላር ገደማ። ለእረፍት ፈቃድ ደግሞ በየስድስት ወሩ እስከ 15 ቀን ድረስ በቀን 10 ዶላር ከ50። ይህን ለአማቶች፣ ለአጎቶች በግልጽ መናገር ያለበት እሱ ራሱ ነው። እሷ ስትናገረው «ደበቀችው» ይባላል።

የቤቱ ሒሳብ ደግሞ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ይቀመጡበት። ደብተር ላይ አራት ረድፍ ይሰመር፦ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ማስረጃ ወይም ምስክር። መጀመር ያለበት ግን ከኋላ ነው። በመጀመሪያ ዛሬ ያለው፤ ባንክ ውስጥ፣ ዕቁብ ውስጥ፣ እጅ ላይ። ቀጥሎ ሰው ጋ ያለው ብድር፤ ማን ወሰደ፣ በማን ስም ለምኖ። ከዚያ ወደ ኋላ ወር በወር። ከመጀመሪያው ወር የጀመረ ሰው ሰኔ ሳይደርስ ይጣላል፣ ዛሬ ስንት እንዳላቸውም ሳያውቁ ያድራሉ። የአጠያየቁም ነገር አለ። «ይሄን ብር የት አደረስሽው?» ብሎ የጠየቀ ማመካኛ ይሰማል፤ «ይሄን ወር እንዴት ተወጣሽው?» ያለ ግን ቁጥሩንም ታሪኩንም ያገኛል። እሱም እዚያ ያበደረው፣ የገዛው፣ ለጓድ መዋጮ የሰጠው ካለ በዚያው ደብተር ይግባ። አንድ ወገን ብቻ የሚመረመርበት ሒሳብ ፍርድ ቤት ነው።

በፈቃዱ ጊዜ ለሚመጡ አበዳሪ ፈላጊዎች መልሱ አንድ ይሁን፤ እሱም እሷም «ተነጋግረን እንነግርሃለን» ይበሉ። ብቻውን እሺ ያለ፣ ብቻዋን እምቢ ያለች፣ ሁለቱም ለሦስተኛ ሰው በር ከፍተዋል።

ሌሊቱ። ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ሲወድቅ ወለል ላይ የተደፋ ሰው ፈሪ አይደለም፤ ሰውነቱ ዓመት የሠለጠነበትን አደረገ። የአዲስ ዓመት ርችት፣ የጎማ ፍንዳታ፣ ገጠር ከሆነ የሠርግ ተኩስ፣ ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቀው ሁሉ ይነገረው። ከቅዠት ሲቀሰቅሱት ደረቱን መነቅነቅ አደጋ አለው፤ ሳያውቅ ሊመታ ይችላል። ከአልጋው ግርጌ ቆሞ መብራት አብርቶ በስሙ መጥራት፣ «ቤትህ ነህ» ማለት፤ እስኪመልስ አለመንካት። ለጥቂት ሳምንታት ለየብቻ መተኛት ካስፈለገ ምክንያቱ በቀን፣ በቃል ይነገር። ያልተነገረ ሲሆን እሷ ሌላ ሴት፣ እሱ ደግሞ መጠላትን ያነብበታል።

ጭቅጭቅ ሲነሳ የማቆሚያ ቃል አስቀድሞ ይመረጥ፤ «አረፍ እንበል» ይበቃል። ልብ መምታት ከጀመረ በኋላ የሚሰማ ጆሮ የለም፤ ሰውነት ለመብረድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስት ቦታ ነው። የመመለሻ ሰዓት ሳይናገር ይወጣል፤ ይህ እረፍት ሳይሆን ጥሎ መሄድ ተብሎ ይተረጎማል። ወይም እረፍቱን መልስ ሲያዘጋጅበት ያሳልፋል። ወይም ደግሞ ግሮሰሪ ይገባል። መጠጥ እንቅልፍ ያመጣል ይባላል፤ ያመጣዋል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሶ ይወስደዋል። ወሬውን እንደገና የሚጀምረው እረፍቱን የጠየቀው ነው።

ቅዠቱ፣ መደንገጡ፣ ቦታና ሰው መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀና ሥራና ቤት ካበላሸ ሐኪም ያስፈልጋል። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል አለ፣ አማኑኤል አለ፣ በየክልሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ጸበሉም ይሁን፤ ግን የተጀመረ መድኃኒት ለጸበል ሲባል አይቋረጥ። ስለ መሞት የሚያወራ፣ መሣሪያ ይዞ የሚተክዝ ከሆነ ወር የሚባል ነገር የለም፤ መሣሪያው ዛሬ ከቤት ይውጣ፣ እሱም ዛሬ ሐኪም ይይ። እጅ ከተነሳ ደግሞ ጉዳዩ የንግግር ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። እሷና ልጆቿ ደህና ቦታ ይድረሱ፣ ሌላው በኋላ ይታያል። ሽማግሌና የንስሐ አባት እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይቸኩላሉ። «ተይ፣ ጦርነት ያመጣበት ነው፤ ታረቁ» ከማለት በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይተኛል ወይ? ምን ያህል ይጠጣል? ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ?

ሁለት የጤና ነገሮች በፍጥነት። ከአብዬም ሆነ ከደቡብ ሱዳን የመጣ ሰው ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ መነጫነጭ ካለበት መጀመሪያ የወባ ምርመራ ያድርግ፤ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ከወራት በኋላም ይነሣል፣ የት እንደነበረም ለሐኪሙ ይንገር። ሁለተኛው የኤች አይ ቪ ምርመራ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2000 በውሳኔ 1308 ስለ ሰላም አስከባሪዎች ያነሳው ጉዳይ ነው፤ ባልና ሚስት ሊያፍሩበት አይገባም። «አብረን እንመርመር» ማለት ክስ የማይሆነው ከመሄዱ በፊት እንደ ደንብ ከተስማሙበት ነው። ከጣት ደም የሚወሰደው ፈጣን ምርመራ ከተጋላጭነት በኋላ እስከ 90 ቀን ድረስ ላያሳይ ስለሚችል በሦስተኛው ወር ይደገም። እስከዚያ ኮንዶም።

እስካሁን «እሱ» ሄደ፣ «እሷ» ቀረች ብለናል። ኢትዮጵያ ለዓመታት ሴት ሰላም አስከባሪዎችን በብዛት ከሚያሰማሩ አገሮች ተርታ ነበረች። የምትመለሰው እሷ ስትሆን ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንድ ሸክም ይጨመራል፤ ልጆቹን ዓመቱን ያሳደጉት አማት ወይም እናት ናቸው፣ እሳቸውም በቀላሉ አይለቁም። «እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ አልሄድም ነበር» ካለች በኋላ ርክክቡን ከእሳቸው ጋር ማድረግ ያለባት ከባሏ ጋር ሆና ነው። ባል «እናቴና አንቺ ተስማሙ» ብሎ ከወጣ ጠቡ የሁለት ሴቶች ተብሎ ይቀራል። ቤት ገብታ በማግስቱ ወጥ ቤት መቆሟን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚያይ ባልም ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ያንብበው።

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 ቋንቋ የሚያውቁ ስደተኞችን በመለመለው መርሐ ግብር ዝርዝር ውስጥ አማርኛም ነበረ። እዚያ ለቤተሰብ የተዘጋጀ ነገር አለ፣ ብዙዎቹ ሚስቶች ግን አያውቁትም። ሚሊታሪ ዋንሶርስ የሚባለው የወታደር ቤተሰብ መርጃ አገልግሎት ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ ነፃ ምክር ይሰጣል፣ ለትዳር ጓደኛም ጭምር፤ በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያሉት ቬት ሴንተር የሚባሉ የምክር ማዕከሎች ውጊያ ቀጠና የነበረ ሰው ቤተሰብን በነፃ ያማክራሉ። የምክሩ ወሬ አዛዥ ጋ አይደርስም፤ ሰው ለመጉዳት ማሰብ፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና የመሳሰለው ካልሆነ በቀር።

ከዚያ ጦር መውሰድ ያለብን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከተመለሱ ከ90 እስከ 180 ቀን ባለው ጊዜ የሚደረገውን ሁለተኛ ምርመራ። ለመከላከያ ይህ ውድ አይደለም። አንድ ሻለቃ 800 ሰው ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ቤት በድምሩ የግማሽ ሰዓት ስልክ ቢደወል 400 የሥራ ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዎች በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠሩ በአምስት ሳምንት ይጨርሱታል። ደዋዩ አዛዥ መሆን የለበትም። ወታደሩ ለቀጣዩ ግዳጅ መመረጥ ይፈልጋል፤ አዛዡ «እንዴት ነህ?» ሲለው መልሱ የታወቀ ነው። የምትደውለው የሠለጠነች አማካሪ ትሁን፤ ለወታደሩ ለብቻው፣ ለትዳር ጓደኛው ለብቻው፣ በተለያየ ቀን። የተነገራት ነገር የግል ማኅደር ውስጥ እንደማይገባ በመጀመሪያው ደቂቃ ትናገር። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፦ ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛል? ከልጆቹ ጋር ምን ያደርጋል? ገንዘቡን ተቀምጣችሁ አይታችሁታል? የፈራሽው ነገር አለ? «ደህና ነን» ብቻ ብሎ የዘጋ ቤት ካለ ቅጹ ላይ «ደህና» ተብሎ አይሞላም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በድጋሚ ይደወልለታል።